ውዳሴ ማኅደረ እንግዳ

ሰላም ለአንቺ፣ የመንገድ ዳር ቤት! በዳሞታ ተራራ እግር ሥር የምሽቱን ጉም እንደ ነጠላ ተከናንበሽ የምትቀመጪ፤ ከሻሸመኔ ቢላቴን ተሻግሮ የሚመጣውን፣ ከሆሳዕና በአረካ በኩል የሚደርሰውን፣ ከአርባ ምንጭ በሁምቦ አድርጎ የሚወጣውን፣ ከጎፋ ቆላና ከዳውሮ ማዶ አቧራ ለብሶ ከች የሚለውን ሁሉ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» ብለሽ የምትቀበይ፤ ስምሽ በግንባርሽ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ፣ ፊደሉን ግን የበልግ ዝናብ ያጠበብሽ፤ አዝማሪ በአዳራሽሽ ሲያዜም አምሽቶ ለአንቺ አንዲት ስንኝ ያልወረወረልሽ፤ ታሪክ ጸሐፊ በአልጋሽ አድሮ፣ በውሃሽ ታጥቦ፣ በመጽሐፉ ግን ያላነሣሽ፤ የወላይታ ምድር የሌሊት እናት ሆይ፣ ሰላም ለአንቺ!

ቤተ መንግሥት ወዳሽ አጥቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት አላት። ድልድይ ሲመረቅ ጥብጣብ ይቆረጥለታል። አንቺ ግን ያለ ምረቃ ተከፈትሽ፤ አንድ ማለዳ በርሽ ተከፍቶ ታየ፣ አንድ ምሽት መብራትሽ በርቶ ታየ፣ በቃ። ስለዚህ ይህ ውዳሴ ዘግይቷል። የዘገየ ዕዳ ወለድ ይጨምራልና ቃሌን አልቆጥብም።

አስቀድሜ ስምሽን ላወድስ። ማደሪያ ይሉሻል። በዚህ ስም ውስጥ ያለውን ክብር ማን ልብ አለው? አማርኛ የሰውን ልጅ በሥራው ሲከፍለው የመደበው በሌሊቱ ነው፤ የሚያርሰውን አርሶ አደር፣ ከብት የሚያረባውን አርብቶ አደር፣ በጉልበቱ የሚኖረውን ላብ አደር፣ ጦር ሜዳ የሚውለውን ወጥቶ አደር ብሎ ወታደር አለው። ጎጆ መውጣት ትዳር ተባለ፤ አገር መግዛት አስተዳደር ተባለ፤ መጽሐፍ የሚገባበት ቆዳ ማኅደር ተባለ። ሁሉም ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። ለዚህ ቋንቋ መኖር ማለት ሌሊቱን በሰላም ማለፍ ነው፤ ቀኑማ እንደ ምንም ይገፋል። ወላይታውም ማለዳ ጎረቤቱን ሲያገኝ «ሳሮ አቃዲ?» ይላል፤ ለታላቁ ደግሞ «ሳሮ አቂዴቲ?»። ሳሮ ሰላም ነው፤ ቃሉ የሚጠይቀው በሰላም ማደርን ነው። ሁለት ቋንቋዎች፣ ዘራቸው የተራራቀ፣ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። የጥያቄው መልስ ያለው በአንቺ ቤት ነው። አስተዳዳሪ የሚባል ካለ እንግዲህ ከአንቺ የሚቀድም አላውቅም።

የትውልድሽን ሐረግ ልቆጥር ብነሣ ከዐለት ላይ ደረስኩ። በዳሞታ ደቡብ ምዕራብ ጎን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሞቸና ቦራጎ የሚሉት ሰፊ የዐለት ጥላ አለ። የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት ወለሉን እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል ገልጠው፣ ከባልጩት የተጠረቡ ስለቶችንና ሰው ያነደደውን እሳት አመድ አግኝተውበታል፤ የንብርብሩ ዕድሜ እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ይሄዳል። ያ ዐለት የወላይታ የመጀመሪያው ማደሪያ ነው እላለሁ። ጣሪያው አይፈስም፣ በሩ አይዘጋም፣ ባለቤቱ ሒሳብ አይጠይቅም። አዳኝ ሚዳቋውን ተሸክሞ ሲመሽበት ገባ፣ ነደደለት፣ በላ፣ ተኛ፣ ነጋ፣ ሄደ። ዛሬ ከመናኸሪያው ጀርባ አልጋ የሚይዘው የጭነት መኪና ረዳት የሚያደርገው ከዚህ ምን ይለያል? ሮም ሳትሠራ፣ የፋርስ ነገሥታት በየምዕራፉ ማረፊያ ሳያቆሙ፣ የዳሞታ ዐለት እንግዳ ተቀባይ ነበረ።

ከዐለቱ ወርደን ወደ ሣር ቤቱ እንግባ፤ ዐለቱ አያትሽ ከሆነ እርሱ ወላጅሽ ነውና። የወላይታ ቤት እንደ ንብ ቀፎ ከምድር ወደ ሰማይ ተጎልቶ፣ ክዳኑ ከጉልላቱ ጀምሮ እየተንዠረገገ ወደ መሬት ይወርዳል። ከጀርባው እንሰቱ ቆሟል፤ የእንሰቱ ማሳ ያለበትን፣ ፍግ የጠገበውን ጥቁር አፈር ዳርኩዋ ይሉታል። ከፊት ጉታራው አለ፤ ለምለም ሣር የለበሰ የጋራ ሜዳ፣ ሽማግሌ የሚሰየምበት፣ ልጅ የሚቦርቅበት፣ ለቅሶም ደስታም የሚወጣበት። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ የከብቱ ትንፋሽ የቤቱ ማሞቂያ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ለመንገደኛ ሲከፈት ዋጋ አይነገርም። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል» ይላል የመጣው፤ «ቤት የእግዜር ነው» ይባላል። ከዚያ ውሃ ይቀርባል፣ እግር ይታጠባል፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ቆጮው ይዘረጋል፣ ዳጣው አጠገቡ ይቀመጣል፤ በነጋታው የቡና ቅጠል ተፈልቶ፣ በቅመም ተዋዝቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይጠጣል። የአብርሃምን ድንኳን ታሪክ አገራችን እንዴት እንደምትተርከው ታውቂያለሽ፤ ሰይጣን መንገዱ ላይ ተቀምጦ እንግዳውን ሁሉ ቢመልስበት ጻድቁ እህል ሳይቀምስ ሦስት ቀን ጦመ። ብቻውን መብላት አቃተው። የወላይታን አባወራ ያየ ሰው ይህን ትረካ እንደ ተአምር አይሰማውም።

ታዲያ እንግዳ በነጻ በሚያድርበት አገር አንቺ ለምን ተወለድሽ? ይህ ጥያቄ ውዳሴውን እንዳያደናቅፍ ሳይሆን እንዲያጸናው ይመለስ። በደጉ ዘመን የሰሜኑ መንገደኛ ሦስት መንገድ ነበረው። ሲራራ ነጋዴ ከሆነ ድንኳኑን በሜዳ ይተክላል፣ በቅሎና አህያውን ያራግፋል፣ ዙሪያውን ያጥራል። የንጉሥ መልእክተኛ ወይም እንግዳ ከሆነ ባላገሩ ድርጎ ያወጣለታል፤ እንጀራው፣ ጠላው፣ በጉ በትእዛዝ ይመጣል። ተራ ሰው ከሆነ ደግሞ በሰው ደጅ ይቆማል። እህልን በብር መሸጥ ነውር ነበር፤ በእንግዳ ፊት ዋጋ መጥራት ደግሞ ከነውርም ነውር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ ገንዘብ ከፍሎ መብላትን አፍረው እግራቸውን እንደ ጎተቱ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቀድመው በልተው ከፍለው እንዳለማመዷቸው ይነገራል። ልብ በይ፤ ይህን እፍረት የሰበረችው ሴት ናት፣ ያውም ዘውድ የጫነች። በኋላ በየመንገዱ ዳር እንስራ የጣዱ፣ አልጋ የዘረጉ፣ ጣሳ ያነሡ ሴቶች ሁሉ የእርሷ ልጆች ናቸው።

ወላይታ ግን ከጣይቱም በፊት የራሱ ጅምር ነበረው፤ ስሙም ቦርዴ ይባላል። ቦርዴ ከበቆሎና ከሌላም እህል የሚጠመቅ፣ እንደ አጥሚት የወፈረ፣ ጠጪውን የሚያጠግብ መጠጥ ነው፤ የገበያ ሰውና ጉልበት ሠራተኛ በቅል ተቀብሎ እንደ ምሳ ይጠጣዋል። ጠባዩ ግን ችኩል ነው። እየፈላ ሳለ ካልተጠጣ ይበላሻል፤ ተጭኖ ሩቅ አይሄድም፣ ጎተራ ገብቶ አይከርምም። ስለዚህ ጠማቂዋ ወደ ጠጪው መቅረብ ነበረባት። በገበያው ዳር፣ በመንገዱ አፋፍ፣ ዛፍ ጥላ ሥር እንስራዋን አስቀምጣ ትቀመጣለች፤ ዝናብ ሲመጣ ዳስ ትጥላለች፤ ዳሱ ግድግዳ ያወጣል፤ ግድግዳው በር ይበጅለታል። የአንቺ ሥነ ሕንጻ የመነጨው ከመሐንዲስ እጅ አይደለም እያልኩሽ ነው። ከእንስራ አፍ ነው።

አሁን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ውዳሴ ሐዘንን ዘሎ አያልፍምና። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ሠራዊት ወደ ወላይታ ዘመተ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በጽኑ ተዋጋ፤ ቆስሎ ተማረከ፤ አልጋውም ወደቀ። የሞተው ሰው፣ የተነዳው ከብት፣ የተቃጠለው ቤት ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዳሞታ ሥር ያለችው ሶዶ የሹምና የጦር፣ የገበያና የግብር ከተማ ሆነች፤ ከሰሜን የመጣው ሰፋሪም ጠጁንና ብርሌውን ይዞ መጣ። እንግዲህ አንዳንዱ ጠጅ ቤት የተተከለው በቁስል ላይ ነው። ይህን አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ሆኖም በአንድ ጣሪያ ሥር ባላገሩና ባለ ጠመንጃው፣ የዶርዜው ሸማኔና የጉራጌው ነጋዴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብርሌ ያነሡበት ቦታ ካለ አንቺ ነሽ። ፍርድ ቤቱ በአስተርጓሚ ሲናገር አንቺ ቤት ውስጥ ወላይትኛውና አማርኛው ያለ አስተርጓሚ ተዋዋሉ።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። አምስት ዓመት ገዝቶ በ1933 ዓ.ም. ግንቦት ሶዶን ለቀቀ፤ ግን ያስቀረው ቃል አለ። አልቤርጎ! በራሱ አገር ለታላቁም ለትንሹም ሆቴል የሚነገር ስም ነው፤ እኛ ግን አወረድነው፣ ለርካሹ ማደሪያ ሰጠነው። ሰውየው አገራችንን ሊያዋርድ መጥቶ ቃሉ ተዋርዶ ቀረ፤ ከአርበኞቹ ድል ጋር ይቺን ትንሿን ድል ብቆጥራት ማን ይከለክለኛል? መኪናውም ቀረ። በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገዱ እየተደለደለ ሲሄድ ፊያቶቹ ማጓራት ጀመሩ። በቅሎ በቀን የምትሄደውን መኪና በሰዓት ጨረሰው፤ ሆኖም ሹፌርም ይደክመዋል፣ ሞተርም ይግላል፣ ጨለማም ይመጣል። አገር አቋራጭ አውቶቡስ በሌሊት አይሄድም ነበርና ፀሐይ ስትጠልቅ የደረሰበት ከተማ ሁሉ የእንግዳ ከተማ ሆነ። ሶዶን ለዚህ ማን አጫት? መልክዐ ምድሩ ነው። አምስት መንገድ የሚገናኝባት፣ ወደ አርባ ምንጭ ገና 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚቀርባት፣ ከአዲስ አበባ የተነሣ አሮጌ አውቶቡስ ትንፋሹ የሚያልቅባት ቦታ ናት።

በዚህ መሥመር የነገሠውን ስም ሳልጠራ አላልፍም፤ በቀለ ሞላ። በላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ በሻሸመኔ መስቀለኛ መንገድ፣ በአርባ ምንጭም አባያና ጫሞ ከእግር በታች በሚታዩበት ገደል አፋፍ ላይ ሆቴሎቻቸውን ተክለው፣ የስምጥ ሸለቆን መንገድ እንደ ዶቃ ክር ሰኩት። እርሳቸው ጌጡን ሠሩ። ጌጥና ጌጥ መካከል ያለውን ክር የያዝሽው ግን አንቺ ነሽ፤ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በሁምቦ ጠበላ፣ በጌሱባ፣ በበሌ፤ ስም የለሿ፣ ባለ ስድስት አልጋዋ፣ ባለ አንድ ቧንቧዋ። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ርዳታ ዋዱ የሚባለው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ሲቋቋም የውጭው ኤክስፐርትና ያገሩ የሰብል ባለሙያ፣ የማዳበሪያው ሹፌርና የምርጥ ዘሩ ሒሳብ ሠራተኛ ያመሹት በማን በረንዳ ይመስልሻል?

እንግዲህ ወደ ሰውነትሽ ልምጣ። አባቶች መልክዕ ሲደርሱ ከራስ ጠጉር ይጀምሩ ነበር፤ እኔ መንገደኛ ነኝና ከደጃፍሽ እጀምራለሁ።

ሰላም ለግንባርሽ፣ ጠባብ ነውና! የመንገድ ዳር መሬት ውድ ስለሆነ ሁሉም ጥቂት ክንድ ብቻ ከመንገዱ ተካፍሏል፤ ስፋት ያጣሽውን በርዝመት ተክሰሽ ወደ ኋላ ትሄጃለሽ። ከፊት ቡና ቤት ነሽ፤ ባንኮኒ፣ መደርደሪያ፣ የቢራ ማስታወቂያ፣ ከበሩ ላይ ነፋስ የሚያወዛውዘው መጋረጃ። ከኋላ ደግሞ ሌላ ዓለም ነሽ። የማያውቅሽ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ሱቅ ይልሻል።

ሰላም ለግድግዳሽ! በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ተልጦ ይተከላል፣ ማገሩ በአግድም ይመታል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ከቦካ በኋላ ይመረጋል፣ ደርቆ ሲሰነጠቅ ሁለተኛ ይመረጋል፣ ከዚያ ይለሰናል። ከወገብ በላይ ኖራ፣ ከወገብ በታች ጥቁር ሰማያዊ የዘይት ቀለም፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጣሪያው የሚወርደው የዝናብ ጠብታ መሬት ነክቶ ጭቃ ሲረጭ ነጩ እንዳይቆሽሽ ነው። ሥዕል ያጠኑ ሰዎች ቀለሙን አይተው ውበት ይላሉ። ግንበኛው ዝናቡን ነበር ያሰበው።

ሰላም ለጣሪያሽ፣ ለቆርቆሮሽ! በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ከወደብ ሲያግዘው ከኖረው ዕቃ አንዱ ይኸው ሸንተረር ያለው ብረት ነው። ሣር ክዳን ለዝናቡ ዝም ይላል፤ ቆርቆሮ ግን ይመልስለታል። በሐምሌ ሌሊት፣ ዳሞታ ደመናውን ሲያራግፍ፣ በቆርቆሮ ሥር የተኛ ሰው ከበሮ ውስጥ የተኛ ይመስለዋል። እንደዚያም ሆኖ እንደዚያ ሌሊት የሚጣፍጥ እንቅልፍ የለም። ከቆርቆሮው በታች አቡጀዲ ተወጥሮ ኮርኒስ ሆኗል፤ አይጦች ሲሯሯጡበት ጨርቁ ይሞገዳል፤ ተኝቶ ሽቅብ የሚያይ መንገደኛ ማዕበል ያለበት ባሕር ሥር ያለ ይመስለዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ደግሞ ቤተ መጻሕፍትሽ ነው። እኔ ራሴ አንድ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ከአልጋዬ ተነሥቼ፣ አንገቴን አጣምሜ፣ ተገልብጦ የተለጠፈ የስፖርት ዜና እስከ ወረደበት ጥግ ድረስ አንብቤያለሁ፤ ማን እንዳሸነፈ ግን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቀረ።

ሰላም ለግቢሽ፣ ለልብሽ! እዚህ ላይ እቆማለሁ። ክፍሎችሽ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ በሮቻቸውን ሁሉ ወደ ግቢው ይከፍታሉ፤ ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት የለም ማለት ይቻላል። ከፊታቸው ረጅም በረንዳ፣ በግንድ ዓምዶች የቆመ። በመሐል ቧንቧ፣ ከቧንቧው አጠገብ የልብስ ገመድ፣ ከገመዱ ማዶ ሸንኮራና ጥቂት እንሰት፣ ዳር ላይ የጭነት መኪና። ድሮ ጋጣ በነበረበት፣ በቅሎ በታሰረችበት ቦታ ዛሬ አይሱዙ ቆሟል። ይህን ግቢ ሳይ ጉታራው ትዝ ይለኛል። ወላይታ በመንደሩ መሐል ሜዳ ትቶ ቤቶቹን ወደ ሜዳው እንዳዞረ፣ አንቺም በሆድሽ ውስጥ ትንሽ ጉታራ ይዘሽ በሮችሽን ወደ እርሱ አዞርሽ። መንገደኛው ጥርሱን ሲፍቅ ጎረቤቱን ያያል። ሴትዮዋ ቡና ስትቆላ ጭሱ አሥራ ሁለት በር ያንኳኳል። ማንም ብቻውን አይነቃም። ዛሬ የሚሠሩት ፎቆች በየኮሪደሩ ግራና ቀኝ በር ደርድረው ሰውን ከሰው ይሰውራሉ፤ ሞቅ ያለ ውሃ አላቸው፣ አልክድም። ግቢ ግን የላቸውም።

ሰላም ለአልጋሽ! በዚህ አገር ደክሞት የመጣ ሰው «ክፍል አለ?» አይልም፤ «አልጋ አለ?» ይላል። አልጋ ደግሞ ዙፋን ነው። ንጉሥ ሲነግሥ አልጋ ይይዛል፣ ልጁ አልጋ ወራሽ ይባላል፣ ሲሻር ከአልጋው ይወርዳል። የወላይታ ካዎዎች አልጋ በ1887 ወደቀ፤ የነገሥታቱም አልጋ በ1967 ተራው ደረሰ። አንቺ ግን ምን አደረግሽ? ያንን አልጋ ወስደሽ፣ ሽቦውን አጥብቀሽ፣ ፍራሽ ጥለሽበት፣ በየምሽቱ ለመጣው ሁሉ አከራየሽው። በግ ነጂው በጥቂት ብር አልጋ ያዘ። ወታደሩ አልጋ ያዘ። ከበሌ ለሕክምና የመጣች እናት ከነልጇ አልጋ ያዘች። በነጋታው ሁሉም በፈቃዱ ከአልጋው ወረደ፣ ደምም አልፈሰሰም። መንግሥት የሚባለው ነገር በአንቺ ቤት ቢለመድ ኖሮ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ይህን ግን በቅንፍ ያዢልኝ።

ለሚዛኑ ያህል አንድ ነገር ልናገር፤ ትኋንሽን አላወድስም። ሽንት ቤትሽንም በዝምታ አልፈዋለሁ። ባለ መልክዑ ሊቅ እንኳ የሚዘልለው የአካል ክፍል አለው።

ሰላም ለእጅሽ! እጅሽ ሴት ናት። ቤቱ ብዙ ጊዜ የእርሷ ነው፤ የመበለቲቱ፣ የተፋታችው፣ ከሰው አገር መጥታ በጠጅ ጥበቧ የቆመችው ወይዘሮ። ሹፌሮቹ እትዬ ይሏታል፣ ልጆቹ እማማ። ዱቤዋን በጭንቅላቷ ትይዛለች። ማን ሥጋ እንደማይበላ፣ ማን ጦመኛ እንደሆነ፣ የትኛው ሹፌር ሚስቱ እንደወለደች ታውቃለች። በወንጌል ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሳምራዊው ቁስለኛውን በአህያው ጫነ፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፣ ሁለት ዲናር ከፍሎ መንገዱን ቀጠለ፤ ምስጋናው ሁሉ ለእርሱ ሆነ። ዲናሩ ሲያልቅ ማን አስታመመ? ፋሻውን ማን ለወጠ? ሌሊት ሲቃዥ ማን ውሃ አቀበለ? ያ የቤቱ ባለቤት በሁለት ሺህ ዓመት ስብከት ውስጥ አንዲት ውዳሴ አላገኘም። በሶዶ መንገድ ላይ ወባ የጣለውን ስንት የአባላ ቆላ መንገደኛ፣ ስንት የመኪና አደጋ ጉዳተኛ አሳድራ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ያደረሰች ሴት ስሟ የት ተጻፈ?

ሌላም ስም አለ፤ ኮማሪት። ብርሌውን የምትቀዳዋ፣ ሳቋን ከጠጁ ጋር የምትሰጠዋ። ቋንቋችን አርሶ አደሩን ባከበረበት ግስ እርሷን ሴተኛ አዳሪ ብሎ ሰደባት። የሚያድረው ወንድ መንገደኛ ተባለ፣ የምታሳድረው ሴት ስድብ ሆነች። ከመንደሯ ያስወጣት ድህነት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ የወላጅ ሞት ነበር፤ አንዳንዷም ከዚያው ቤት ታናናሾቿን አስተማረች። ይህ ውዳሴ ቤቱን አመስግኖ እርሷን በጓሮ በር ካስወጣ ውዳሴ አይባልም። ከባለቤቲቱ ቀጥላ በበረንዳው ላይ ትቀመጥ።

ሰላም ለመዝገብሽም! ያ ጠርዙ የቆሸሸ፣ በክር የተሰፋ ደብተር፤ ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ የመታወቂያ ቁጥር። በደርግ ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት ከአውራጃ አውራጃ መሄድ በማይቻልበት ሰሞን ይህ ደብተር አስፈሪ ነበር፤ ጠባቂዎች በሌሊት እየመጡ ይገልጡታል፣ በሩ ይንኳኳል። ስሙን ቀይሮ የጻፈ ስንቱ ነው! አይታ እንዳላየች የሆነች ባለቤትስ ስንት ናት! የሶዶን የእነዚያን ዓመታት እንቅስቃሴ፣ የመምህሩን ዝውውር፣ የነጋዴውን ምልልስ፣ የሸሺውን መንገድ ሊጽፍ የሚፈልግ ሰው ከማኅደር ቤቱ በፊት እነዚህን ደብተሮች ይፈልግ፤ ብዙዎቹ ግን ስኳር ተጠቅልሎባቸዋል።

ዘመኑ ተሻገረ። በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በ1999 ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ ኦሞ ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ ሲሠራ ሠራተኛውና መሐንዲሱ በዚህ አለፈ፤ በ2015 መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። መስተዋት የለበሱ ሆቴሎች በቅለዋል። አስተዳደር የሚለው ቃል ከየት ግንድ እንደወጣ ቀድሜ ነግሬሻለሁና ሶዶ ለዚህ ማዕረግ ስትመረጥ አልደነቀኝም፤ ከጥንት ሰው ስታሳድር የኖረች ከተማ ናት። በመስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ግን ከአዲስ አበባና ከየአገሩ የሚመለሰው ልጅ ብዛት ፎቁን ሞልቶ ይተርፋል። ወንዶቹ በማኅበር በሬ ይገዛሉ፣ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ሙቹዋው ይቀርባል፣ ቁርጡ ይንጠለጠላል፣ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ዱንጉዛ ይለበሳል። ያኔ ዘመድ ቤት የጠበበው ሁሉ «አልጋ አለ?» እያለ ወደ አሮጌው ግቢሽ ይመጣል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ግቢው ጨለማ ነው፤ ዳሞታ ከሰማዩ የጠቆረ ብቻ ሆኖ ይታያል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ እያሞቀ ነው። ዘበኛው ካፖርቱን ደርቦ፣ በያዘው ዱላ በሮቹን አንድ በአንድ ይመታል፤ «ተነሡ፣ መኪናው ሊሄድ ነው!» መብራቶች ይበራሉ፣ ባልዲ ይንኳኳል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ቁልፎች ከነእንጨታቸው ባንኮኒው ላይ ይቀመጣሉ። ባለቤቲቱ ቀድማ ተነሥታለች፤ ጀበናው እሳት ላይ ነው። መንገደኛው ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ፊቱን ገና በአንድ እጁ እያበሰ በፊቷ ያልፋል። ቀና ብላ ታየዋለች፣ ስሙን አታውቅም።

«ሳሮ አቂዴቲ?» ትለዋለች።